ትከሻ በራጅ ብቻ አይታይም፦ ለምንላክበት ሆስፒታል የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ፣
ለራዲዮሎጂ ክፍል ኃላፊ፣
ለአጥንት ሕክምና ክፍል ኃላፊ፣

ክቡራን፣

በቅድሚያ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

የምጽፍላችሁ ከቱሉ ዲምቱ ነው። እዚህ አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ውስጥ በፊዚዮቴራፒ ሙያ እሠራለሁ። ማታ ማታና ቅዳሜ ደግሞ ኮንዶሚኒየሙ ሜዳ ላይ የእጅ ኳስ የሚለማመዱ ታዳጊዎችን አግዛለሁ። የሆስፒታላችሁን ስም እዚህ አልጻፍኩም። ስም ያለበት ማመልከቻ መዝገብ ቤታችሁ ገቢ ሆኗል፤ መልስ ግን እስካሁን አላገኘሁም። ይህኛውን ለሁሉም እንዲነበብ ያወጣሁት ነገሩ የእኛ ሰፈር ጉዳይ ብቻ ስላልሆነ ነው። ኮዬ ፈጬና ቦሌ አራብሳ የሚሠሩ የሙያ ጓደኞቼም የሚነግሩኝ ይህንኑ ነው።

ለመጻፍ ያነሳሳኝ ካርድ ክፍላችሁ መስኮት ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ ነው። ከጤና ጣቢያና ከክሊኒክ የሚላክ የኤምአርአይ (ጅማትንና ልም አጥንትን ጭምር በማግኔት የሚያሳይ ምርመራ) ወረቀት ለጭንቅላትና ለአከርካሪ ብቻ እንደምትቀበሉ ይናገራል። ትከሻና ጉልበት «በራጅ ይታያል» ይላል።

ወረፋው ረጅም እንደሆነ አውቃለሁ። ማሽኑ ሲበላሽ ሰው ሁሉ እናንተ ላይ እንደሚጮህም አይቻለሁ። አከርካሪው ተጎድቶ እግሩ የከዳው ሰው ከትከሻ ሕመምተኛ በፊት ይግባ። እዚህ ላይ ክርክር የለኝም። «ትከሻ በራጅ ይታያል» የሚለው ግን ትክክል አይደለም። በዚህ ምክንያት የተጎዱ ሰዎችን በስም አውቃቸዋለሁ። ስማቸውን ሳልጠራ የደረሰባቸውን ልንገራችሁ።

የመጀመሪያዋ የቡድናችን ተጫዋች ናት፤ 17 ዓመቷ ነው። ጥር ውስጥ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጎል ለማግባት ዘላ እጇን ወደ ኋላ ስታነሳ፣ ተከላካይዋ ክንዷን ከኋላ ያዘቻት። ወደቀች። ሮጬ ስደርስ ክርኗን በሌላኛው እጇ ደግፋ ተቀምጣለች። አላለቀሰችም። «ትከሻዬ ቦታው ላይ የለም» ነው ያለችኝ። እውነትም አልነበረም። ክቡ የትከሻዋ ጫፍ ጠፍቶ እንደ ጠረጴዛ ጥግ ሆኗል። እናቷ ወጌሻ ጋ እንውሰዳት አለች። እኔ ባጃጅ ጠርቼ ሕክምና ቦታ ወሰድኳት። ትከሻዋ ተመለሰላት፤ ራጅ ተነሳች። «አጥንቱ ደህና ነው» ተባለች። ለሦስት ሳምንት እጇ በጨርቅ ታስሮ ከረመና ተፈታ። ሁላችንም ደስ አለን።

መጋቢት ላይ አውቶቡስ ውስጥ ቆማ፣ የላይኛውን ብረት ይዛ ስትሄድ ሹፌሩ ፍሬን ያዘ። ወለቀ። ግንቦት ላይ ለሦስተኛ ጊዜ የወለቀው ተኝታ ነው። እጇን ከራሷ ሥር አድርጋ ተኝታ፣ ሌሊት በራሷ ጩኸት ነቃች። ሦስቱም ጊዜ ክንዷ ያለበትን ሁኔታ ልብ በሉልኝ፦ ከፍ ብሎ ወደ ውጭ የዞረ ክንድ ነው። ይህን በኋላ እመለስበታለሁ።

የኤምአርአይ ወረቀት ጽፌ ወደ እናንተ ላክኋት። ከእኛ ሰፈር እናንተ ጋ ለመድረስ ሁለት ታክሲ መያዝ አለበት። ከንጋቱ 12 ሰዓት ወጥተው መስኮቱ ጋ የደረሱት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ማስታወቂያውን አሳይተው መለሷቸው። ስፔሻሊስት ይጻፍላት ተባለ። የስፔሻሊስቱ ቀጠሮ ነሐሴ ሆነ። እናቷ ጉሊት ነው የምትሠራው። የእቁብ ዕጣዋን ለምና አስቀድማ ወስዳ ልጇን በግል አስነሳቻት። ውጤቱ የማረፊያው የፊት ታችኛው ጠርዝ ተገንጥሏል፣ የክንዱ አጥንት ራስም ከኋላ ተጎድጉዷል ይላል። ይኸው ነው «አጥንቱ ደህና ነው» የተባለው ትከሻ።

እናንተ ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ደብዳቤውን ለሚያነቡ ወላጆችና አሠልጣኞች ግን ትንሽ ላብራራ።

ጀበና በማቶት ላይ ሲቀመጥ አስቡት። ጀበናው ትልቅ ነው፤ ማቶቱ ትንሽ ነው። ጀበናውን የሚይዘው የማቶቱ ጠርዝ ነው። ትከሻም እንዲሁ ነው። የክንድ አጥንት ራስ ትልቅና ክብ ነው፤ የሚያርፍበት ጉድጓድ ግን ጠባብና ጥልቀት የሌለው ነው። በጉድጓዱ ዙሪያ ላብረም የሚባል፣ እንደ ልም አጥንት ያለ ጠርዝ አለ። ጅማቶቹም እሱ ላይ ይያያዛሉ። ትከሻ ወደ ፊት ሲወልቅ፣ ከ100 ውልቃት ከ90 በላዩ ወደ ፊት ነው፣ ይህ ጠርዝ ብዙ ጊዜ ከፊት በታች በኩል ይገነጠላል። እንግሊዛዊው ሐኪም ባንካርት እ.ኤ.አ. በ1923 ስለጻፈበት እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። አጥንቱ ራሱ ሲወጣ ከጉድጓዱ ጠርዝ ጋር ይጋጭና ከኋላው ይጎደጉዳል። ይህን ደግሞ ሂልና ሳክስ የተባሉ ሁለት የራዲዮሎጂ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1940 ጽፈውታል።

ራጅ አጥንትን ያሳያል። ጉድጉዱን አንዳንዴ ያሳያል፣ አንዳንዴ ያመልጠዋል። የተገነጠለውን ጠርዝ ግን በፍጹም አያሳይም። ስለዚህ «ራጁ ደህና ነው» ማለት «ትከሻው ደህና ነው» ማለት አይደለም። ልጅ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይብሳል። የጥናቶቹ ቁጥር ቢለያይም፣ ከ20 ዓመት በታች ሆኖ አንዴ የወለቀበት ስፖርተኛ ዳግም የመውለቅ ዕድሉ በጣም ከፍተኛ እንደሆነ ሁሉም ይስማማሉ። ትከሻው በወለቀ ቁጥር ጠርዙ የባሰ ይላጣል፣ አጥንቱም እየተሸረፈ ይሄዳል።

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ የጊዜው ጉዳይ ነው። ትከሻ እንደወለቀ ሰሞን መገጣጠሚያው ውስጥ ደምና ፈሳሽ ይጠራቀማል። ይህ ፈሳሽ በኤምአርአይ ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ የተገነጠለው ጠርዝ ሥር ገብቶም ስንጥቁን ያጎላዋል። ምንም መርፌ ሳይወጋ፣ ምንም ማቅለሚያ ሳይገዛ፣ ሰውነት ራሱ ያዘጋጀው ማቅለሚያ ነው። ሳምንታት ሲያልፉ ፈሳሹ ይመጠጣል፣ እብጠቱ ይጎድላል፣ ጠርዙም አንዳንዴ በተሳሳተ ቦታ ላይ ይጣበቃል። ያኔ ተራው ኤምአርአይ ብዙ ጊዜ ያመልጠዋል። ጋዶሊኒየም የተባለውን ማቅለሚያ አቅጥኖ በመርፌ መገጣጠሚያው ውስጥ መጨመር ግድ ይላል። እሱ ደግሞ ሌላ ወጪ ነው፣ ሌላ ባለሙያ ይፈልጋል፣ ሌላ ቀጠሮ ነው።

ልጅቷ በጥር እንደወለቀባት በመጀመሪያው ሳምንት ታይታ ቢሆን ኖሮ ርካሹና ቀላሉ ምርመራ ይበቃት ነበር። ወረፋ ቀነሰ የተባለው አሠራር እናንተም ላይ ሥራ እየጨመረ ነው። አንዴ ልትታይ የምትችል ልጅ ሦስቴ ድንገተኛ ክፍል መጥታ ሦስቴ ራጅ ተነስታለች። ይህን ማስታወቂያውን የጻፈው ሰው እንዲያስብበት እለምናለሁ።

ሁለተኛው ጉዳይ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ኮዬ ፈጬ አንድ ሕንፃ ላይ ሲሠራ ኤሌክትሪክ ያዘው። ኤሌክትሪክ የትከሻን ጡንቻዎች በአንድ ጊዜ ያኮማትራል፤ ክንድን ወደ ውስጥ የሚያዞሩት ደግሞ ይበረታሉና ትከሻ ወደ ኋላ ሊወልቅ ይችላል። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰውም እንዲሁ ይደርስበታል። ይህ ሰው ከፊት ለፊት አንድ ራጅ ብቻ ተነሳ። ወደ ኋላ የወለቀ ትከሻ ደግሞ ከፊት በተነሳ ራጅ ላይ ብዙ ጊዜ ጤነኛ ይመስላል። በመማሪያ መጻሕፍት ሁሉ ያለ ማስጠንቀቂያ ነው። «ወለምታ ነው» ተብሎ ማስታገሻ ተሰጠው።

በስድስተኛው ሳምንት ለማሳጅ ብሎ እኔ ጋ መጣ። ክርኑን ከጎኑ አስጠግቶ ክንዱን ወደ ውጭ እንዲያዞር ጠየቅሁት። ንቅንቅ አላለም። ሆዱ ላይ የተጣበቀ ይመስል ነበር። ከብብት በኩል ራጅ እንዲነሳ ላክሁት፤ ትከሻው ስድስት ሳምንት ሙሉ ወልቆ እንደኖረ ታየ። በእጅ መመለስ አልተቻለም፤ በቀዶ ሕክምና ነው የተመለሰው። ለዚህ ሰው መጀመሪያ ቀን ኤምአርአይ አላስፈለገውም። ሁለተኛ ራጅ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። ትከሻን በራጅ እናያለን ካላችሁ ቢያንስ በደንብ እዩት ለማለት ነው ያነሳሁት።

ሦስተኛዋ እናት ናቸው፤ 54 ዓመታቸው ነው። እንጀራ ጋግረው ለምግብ ቤቶች ያስረክባሉ። አምና በክረምት የኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ አዳልጧቸው ወድቀው ትከሻቸው ወለቀ። ጎረቤት የሚያውቀው ወጌሻ መለሰላቸው። እውነቱን ለመናገር በደንብ ነው የመለሰላቸው። ከዚያ በኋላ ግን እጃቸው አልነሳ አለ። በሄዱበት ሁሉ ራጅ አንስተው «አጥንት ደህና ነው፣ ዕድሜ ነው፣ ይለቅዎታል» አሏቸው። አራት ወር አለፈ።

ቤታቸው ሄጄ ሲጋግሩ አይቻለሁ። ቀኝ እጃቸውን በግራ እጃቸው ከክርኑ ሥር ደግፈው ነው አክንባሎውን የሚከድኑት። በእያንዳንዱ እንጀራ እንዲሁ ያደርጋሉ። ሊጡን የሚያዞሩት በግራ ስለሆነ እንጀራው አንድ ጎኑ ይወፍራል። ምግብ ቤቶቹም ይመልሱባቸዋል።

ከ40 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ትከሻው ሲወልቅ የሚያሳስበው ከጠርዙ ይልቅ ክንድን የሚያነሱትና የሚያዞሩት ጡንቻዎች ጅማት ነው። ብዙ ጊዜ ይበጠሳል። የተበጠሰ ጅማት ከቆየ ይሸሻል፣ ጡንቻውም ወደ ስብ ይለወጣል። ያኔ ሐኪሙ መስፋት ቢፈልግ እንኳ የሚሰፋው ጥሩ ነገር አያገኝም። የእኚህ እናት ኤምአርአይ በመጨረሻ ሲነሳ ያሳየው ይህንኑ ነው። የበሰለ ባለሙያ ቢያገኙ ኖሮ አልትራሳውንድም ይህን ያሳይ ነበር፤ አልትራሳውንድ ደግሞ እናንተ ጋ አለ። ለትከሻ ግን ማንም አያዝዘውም።

ማስታወቂያው ከመለጠፉ በፊት እናንተው ጋ ስለተነሱ ሰዎችም ልናገር፤ ያኔም ችግር ነበር። ትከሻው አራት ጊዜ የወለቀበት አንድ ግንበኛ ወረቀት በእጄ አለ። ውጤቱ በአንድ መስመር «የሚታይ ጉዳት የለም» ይላል። ሰውየው ሲነግረኝ ትከሻው ላይ ምንም ነገር አልተገጠመለትም፤ ለትከሻ የተሠራው፣ ምስሉን የሚያጠራው ኮይል የሚባል መቀበያ ማለት ነው። ያለ እሱ የሚወጣው ምስል ይደበዝዛል፤ የአንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ስንጥቅ እዚያ ውስጥ አይለይም። ኮይሉ ተበላሽቶ ከሆነ ንገሩን፣ እኛም ሰው አናንገላታም። ሌላ ቦታ ማቅለሚያ ተጨምሮበት ሲታይ ጠርዙ ተገንጥሎ ተገኘ።

አስቀድሜ እመለስበታለሁ ያልኩት ነገርም እዚህ ላይ ይመጣል። በሽተኛው እጁን ከራሱ ኋላ አድርጎ ተኝቶ ሲነሳ፣ ልክ ልጅቷ በዚያ ሌሊት እንደተኛችው፣ የፊቱ ጅማት ይወጠራል፤ የተገነጠለው ጠርዝም ከአጥንቱ ይለያል። በተራው አነሳስ ያመለጠ ስንጥቅ በዚህ ይታያል። አዲስ ማሽን አይጠይቅም። የሚጠይቀው ጥቂት ደቂቃና ሕመምተኛውን በእርጋታ ማስተኛት ነው።

ጥፋቱ ግን የእናንተ ብቻ አይደለም። እኛም የምንልከው ወረቀት ላይ «የትከሻ ሕመም» ብለን ብቻ እንፈርማለን። ምስሉን የሚያነብበው ሐኪም ስንት ጊዜ እንደወለቀ፣ ወደየት እንደወለቀ፣ መቼ እንደሆነ፣ ሰውየው ምን እንደሚሠራ አያውቅም። ባላወቀው ነገር ላይ ምን ይጻፍ? ቅጹም ቢሆን ይህን የሚጠይቅ ቦታ የለውም።

ትከሻ ያመመው ሁሉ ኤምአርአይ ይነሳ አልልም። መገጣጠሚያቸው ከተፈጥሮ የላላ ልጆች አሉ። ያለ ግጭትና ያለ ውድቀት ትከሻቸው ወጣ ገባ ይላል። እነሱን ለወራት ጡንቻ በማጠንከር ነው የምንጀምረው፤ ብዙዎቹም ይሻላቸዋል። ኳስ የሚወረውር ሰው ትከሻ ላይ ደግሞ ምንም ሳያመው ጠርዙ ተላጦ ሊታይ ይችላል። ምስል ያለ እጅ ምርመራ ያሳስታል። እኔ የምጠይቀው ለይታችሁ እንድትቀበሉ እንጂ በሩን በርግዳችሁ እንድትከፍቱ አይደለም።

መለየቱ ለቀዶ ሐኪሞቻችሁም ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2000 አሜሪካዊው በርክሃርትና ደቡብ አፍሪካዊው ዴ ቢር የተባሉ ቀዶ ሐኪሞች ጠርዛቸው የተሰፋላቸውን 194 ሰዎች ተከታትለው ነበር። አጥንታቸው ብዙ ካልጎደለባቸው መካከል ዳግም የወለቀባቸው 4 በመቶ ነበሩ። ብዙ ከጎደለባቸው ግን 67 በመቶ። ከመክፈት በፊት ውስጡን በደንብ ማየት ይህን ያህል ለውጥ አለው። አጥንቱን ለመለካት ሲቲ ስካን ሊጨመር ይችላል፤ እሱ የሐኪሙ ውሳኔ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሕመምተኛው ወረቀቱን እንጂ ምስሉን አትሰጡትም። ሐኪሙ ምስሉን ራሱ ማየት ይፈልጋልና «ሲዲውን አምጣ» ይለዋል። ከቱሉ ዲምቱ ድጋሚ ሁለት ታክሲ ነው። የቀን ሠራተኛ ከሆነ የዚያ ቀን ሒሳቡ ቀረ ማለት ነው። ከወራት በኋላ ሲመጣም ምስሉ ተሰርዟል ይባላል፤ እንደገና ተነሳ ይሉታል።

ስለዚህ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

ከሁሉ በፊት ማስታወቂያው ይነሳልን። በምትኩ በግልጽ የተለዩ ሰዎችን ተቀበሉ፦ ወጣት ሆኖ በግጭት ወይም በውድቀት ትከሻው ለመጀመሪያ ጊዜ የወለቀበት፣ ደጋግሞ የወለቀበት፣ እንዲሁም ከ40 ዓመት በላይ ሆኖ ከተመለሰለት ከሁለት ሳምንት በኋላም ክንዱን ማንሳት ያቃተው። ለመጀመሪያዎቹ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቦታ ያዙልን፤ በአሥር ቀን ውስጥ ይግቡ። ለመጨረሻዎቹ አልትራሳውንድ መጀመሪያ ይሞከር።

ለወለቀ ትከሻ ሁሉ፣ ከተመለሰ በኋላም ቢሆን፣ ከፊት ከሚነሳው ራጅ ሌላ ከብብት ወይም ከጎን የሚነሳ ይጨመር። ይህ ነገ ጠዋት ሊጀመር የሚችል ነገር ነው።

የመላኪያ ቅጹ ይቀየር። ስንት ጊዜ፣ ወደየት፣ መቼ፣ እንዴት ወለቀ የሚል ቦታ ይኑረው። ካልተሞላ መልሱብን፤ ጥፋቱ የእኛ ይሆናል። ውጤቱ ላይም ስለ ጠርዙ፣ ስለ አጥንቱ ራስ፣ ስለ ጉድጓዱ አጥንትና ስለ ጅማቶቹ ለየብቻ ይጻፍልን። ትከሻ በትከሻ ኮይል ይነሳ። ስንጥቅ ተጠርጥሮ ካልታየ እጅን ከራስ ኋላ አድርጎ የሚነሳው ይጨመርበት። ሲዲው በዚያው ቀን ለሕመምተኛው ይሰጠው።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የጻፈው ወረቀትም ይከበር። እዚህ ዳር ያለው ሰው የአጥንት ስፔሻሊስት ሳያይ ወራት ይቆያል። እኛን ግን በሳምንቱ ያገኘናል።

ለዚህ ሥራ ጊዜዬን እሰጣለሁ። ቅጹን አብረን እናዘጋጅ ካላችሁኝ እመጣለሁ። የሦስቱንም ሰዎች ወረቀቶችና ምስሎች፣ እነሱ ከፈቀዱልኝ፣ ይዤ እቀርባለሁ። የልጅቷ ቀጠሮ እናንተው ጋ ነሐሴ 20 ነው። እናቷ ሲዲውን በፌስታል ጠቅልላ አስቀምጣዋለች። የጽሑፍ መልሳችሁን ከዚያ ቀን በፊት እንድታደርሱን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣

በቱሉ ዲምቱ የሚሠራ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ፣
የሰፈሩ ታዳጊዎች የእጅ ኳስ ቡድን ረዳት አሠልጣኝ